ዜድ ስኮሬ 3990 ወጣ፤ ኮርሱን ድሮፕ ላድርገው?

ጥያቄ፦

«እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ዘወትር ከሚከታተሉት አንዷ ነኝ። ቀን ስታዲየም አካባቢ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ፤ ማታ ሜክሲኮ አካባቢ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ እማራለሁ፤ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ሌላው ትምህርት ደህና ነው፤ ስታቲስቲክስ ግን አንገቴን አስደፋኝ። ሚን (አማካይ) ላይ ዜድ ስኮር ስንሠራ ይገባኝ ነበር። ፕሮፖርሽን (ድርሻ) ላይ ስንደርስ ጠፋብኝ። ሚድ ላይ ‹ከ200 ሰዎች 130ዎቹ አዎ ብለዋል፤ እውነተኛው ፕሮፖርሽን 0.70 ነው የሚለውን በ5 በመቶ ደረጃ ፈትኑ› የሚል ጥያቄ መጣ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አልተሰጠም። እንደመሰለኝ ሠርቼ 3990 ጻፍኩ፤ ዜሮ ተሰጠኝ። ሌላው ጥያቄ ለ95 በመቶ ኮንፊደንስ (የመተማመኛ ደረጃ) ዜድን ከሰንጠረዥ አውጡ ይላል። ማስታወሻዬ 0.4750ን ፈልጊ ስለሚል ስፈልግ −0.06 አጠገብ አገኘሁትና እሱን ጻፍኩ። ጓደኞቼ ግን 1.96 ነው ያሉት፤ ‹ምን ያስጨንቅሻል፣ ሁልጊዜ 1.96 ጻፊ› ይሉኛል። መምህሩን እንዳልጠይቅ አፈርኩ፤ ከክፍሉ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ደግሞስ ለካሸር ይሄ ምን ይሠራላታል? ኮርሱን ድሮፕ ላድርገው ወይስ ምን ይመክሩኛል?»

ሰ. ነኝ፣ ከስታዲየም

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ኮርሱን ድሮፕ እንዳታደርጊው። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። ደብዳቤሽ ላይ ያሉት ሁለት የተሳሳቱ መልሶች፣ 3990 እና −0.06፣ ከየት እንደመጡ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተከታተልኳቸው፤ የሁለቱም መነሻ ወለል ብሎ ይታያል። ዝም ብሎ የገመተ ሰው እነዚህ ቁጥሮች ላይ አይደርስም። በሁለቱም ጥያቄዎች አብዛኛውን በትክክል ሠርተሽ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሳትሽው።

ከ3990 እንጀምር። ይህ ቁጥር የሚወጣው ከ130 ላይ 0.70 ተቀንሶ፣ የተገኘው 129.3 ለ0.0324 ሲካፈል ነው። እስቲ 0.0324ን ልብ በይ። 0.70 በ0.30 ተባዝቶ፣ ለ200 ተካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ የሚመጣ ቁጥር ነው፤ ስታንዳርድ ኤረር ይባላል፣ ድርሻው ከናሙና ናሙና የሚዋዥቅበት መጠን ነው። «ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አልተሰጠም» ትያለሽ እንጂ የሚያስፈልግሽን አግኝተሽዋል! የተበላሸው ከላይ ያለው ነው። 130 የሰዎች ቁጥር ነው፤ 0.70 ድርሻ ነው። ከሰው ላይ ድርሻ አይቀነስም። መጀመሪያ 130ን ለ200 አካፍለሽ 0.65 ማድረግ ነበረብሽ። ከ0.65 ላይ 0.70 ሲቀነስ −0.05 ይሆናል፤ እሱን ለ0.0324 ስታካፍይው ዜድ −1.54 ይወጣል።

ዜድ ያገኘሽው ድርሻ ከተባለው ድርሻ በስንት ስታንዳርድ ኤረር እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው። በቀመር ስናስቀምጠው ዜድ = (ፒ ሃት − ፒ ኖት) ÷ √(ፒ ኖት × (1 − ፒ ኖት) ÷ ኤን) ነው። ፒ ሃት አንቺ ከናሙናሽ ያገኘሽው ድርሻ ነው፤ ፒ ኖት «እውነቱ ይህ ነው» ተብሎ የቀረበልሽና የምትፈትኚው ድርሻ፤ ኤን የጠየቅሻቸው ሰዎች ብዛት።

ሚን ላይ ገብቶሽ እዚህ የጠፋብሽ ለምን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ፤ ከሁሉም በላይ መቆም ያለብን እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን ታልፎ ይኬዳል። ሚን ላይ የምትለኪው ደመወዝ ወይም ቁመት የመሰለ ነገር ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አማካይ ደመወዝ 8000 ብር ነው ብልሽ፣ ደመወዛቸው ምን ያህል እንደሚራራቅ ከዚህ ቁጥር ልታውቂ አትችይም። ሁሉም 8000 ሊያገኙ ይችላሉ፤ ግማሾቹ 2000፣ ግማሾቹ 14000 ሊያገኙም ይችላሉ። ለዚህ ነው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ለብቻው የሚነገርሽ። አዎ ወይም አይ በሚባልበት ጥያቄ ግን እያንዳንዱ ሰው ወይ 1 ነው ወይ 0። 70 በመቶው አዎ ካሉ 30 በመቶው አይ ብለዋል፤ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። ድርሻውን ያወቀ ሰው መራራቁንም አብሮ አውቋል፤ 0.70 × 0.30 = 0.21 ነው፣ የዚህ ስኩዌር ሩት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ነው። ሁሉም አዎ ቢሉ 1 × 0 ዜሮ ይሆናል፤ በሰዎቹ መካከል ልዩነት የለማ። እኩል ለእኩል ቢከፈሉ 0.50 × 0.50 = 0.25፤ ከዚህ የበለጠ መለያየት አይቻልም። 90 በመቶው አዎ ቢሉ 0.09 ብቻ። ስለዚህ ፈተናው ላይ ያልሰጡሽ ረስተው አይደለም፤ ፒ ውስጥ ስላለ ነው። ለ200 ማካፈሉ ደግሞ የናሙናው ብዛት ሲጨምር ፒ ሃት የሚዋዥቅበት መጠን ስለሚቀንስ ነው።

በሰው ቁጥር መሥራት ከቀለለሽም ይቻላል። አባባሉ እውነት ቢሆን ከ200 ሰው 200 × 0.70 = 140ው አዎ ይላሉ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ታች የሚገባው ደግሞ √(200 × 0.70 × 0.30) = 6.48 ነው። ከ130 ላይ 140 ስትቀንሺ −10፤ ለ6.48 ሲካፈል −1.54። ያው መልስ መጣ። ላይ ሰው ከሆነ ታችም ሰው ይሁን፤ ላይ ድርሻ ከሆነ ታችም ድርሻ ይሁን። የአንቺ ወረቀት ላይ የተደባለቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ካልኩሌተርሽንም ተጠንቀቂው። አንዳንዱ ካልኩሌተር √ ተጭነሽ 0.7 × 0.3 ÷ 200 ብትጽፊ ስኩዌር ሩቱን ለ0.7 ብቻ ይወስዳል፤ ታች 0.00125 ይመጣና ዜድሽ −39.8 ይሆናል። ከ√ ቀጥሎ ቅንፍ ክፈቺ፣ ከ200 በኋላ ዝጊ። ወይም መጀመሪያ ውስጡን ሠርተሽ 0.00105 ሲመጣ ስኩዌር ሩቱን ውሰጂ። −39.8ም ሆነ 3990 ስታዪ ቶሎ ብለሽ አትለፊ። በኖርማል ከርቭ (የደወል ቅርጽ ባለው መስመር) ላይ ከ−3 እስከ 3 ባለው ውስጥ 99.7 በመቶው ያልቃል። አንቺ ያገኘሽው 0.65 ከ0.70 ጋር ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት የሆኑ ቁጥሮች በ200 ሰው ናሙና ላይ አርባም፣ አራት ሺህም ስታንዳርድ ኤረር ሊራራቁ አይችሉም።

አሁን ወደ −0.06 እንሂድ። እዚህ ጋ ስህተቱ የአንቺ ነው ለማለት እንኳን ይከብደኛል። የዜድ ሰንጠረዥ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ ከከርቩ ግራ ጥግ ጀምሮ እስከ ዜድ በከርቩ ሥር ያለውን ስፋት ይሰጣል። ሌላው ከመሃል፣ ከዜሮ ጀምሮ እስከ ዜድ ያለውን ብቻ ይሰጣል። ሦስተኛው ከዜድ በስተቀኝ የቀረውን ጭራ ይሰጣል። ማስታወሻሽ «0.4750ን ፈልጊ» ያለሽ ከዜሮ የሚጀምረውን ሰንጠረዥ ይዞ ነው፤ 95 በመቶ ለሁለት ሲከፈል ከዜሮ በስተቀኝ 0.4750 ይደርሰዋል። እጅሽ ላይ የነበረው ሰንጠረዥ ግን ከግራ የሚቆጥር ነበር። በዚያኛው ላይ 0.4750 ከግማሽ ትንሽ ያንሳል፤ ስለዚህ ከዜሮ በታች ለጥቂት የሚቀመጥ ቁጥር ይሆናል፤ −0.06 ላይ 0.4761 ተጽፎ አየሽ፣ የቀረበሽን ወሰድሽ። በትክክል አነበብሽ፤ ያነበብሽው ግን ማስታወሻው ያላሰበውን ሰንጠረዥ ነው። ከግራ በሚቆጥረው ላይ መፈለግ የነበረብሽ 0.9750 (ከዜሮ በስተግራ ያለው 0.5000 ሲደመር 0.4750) ነው፤ በስተግራ 1.9 ያለበትን መስመርና ከላይ 0.06 ያለበትን ዓምድ ስታገናኚያቸው እሱን ታገኛለሽ፤ ዜድም 1.96 ይሆናል።

ሰንጠረዡ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዜድ 1.00 ላይ ምን እንደተጻፈ እዪ። 0.8413 ካለ ከግራ የሚቆጥር ነው፤ 0.3413 ካለ ከዜሮ የሚጀምር፤ 0.1587 ካለ የጭራው። ፈተና ላይ ሰንጠረዡ እንደታደለሽ፣ ጥያቄዎቹን ሳታነቢ፣ ይህን አይተሽ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጻፊበት። ፎቶ ኮፒ ከአንድ መጽሐፍ፣ ማስታወሻ ከሌላ መጽሐፍ በሚመጣበት ትምህርት ቤት ይህች ልማድ ብዙ ማርክ ታድናለች።

ጓደኞችሽ «ሁልጊዜ 1.96 ጻፊ» ያሉሽ ለአንቺ አስበው መሆኑን አልጠራጠርም፣ ምክሩ ግን ይጥልሻል። ጥያቄውን ስታነቢ አስቀድመሽ የተሰጠሽ ምን እንደሆነ ለዪ። ሰዎች ተጠይቀው፣ ከዚህን ያህል ይህን ያህሉ አዎ ብለው ከሆነ፣ ዜድ የሚወጣው ከቀመሩ ነው፤ የአንቺው −1.54 እንዲህ ያለ ነው። የተሰጠሽ በከርቩ ሥር ያለ ስፋት ከሆነ፣ ወይም 95 በመቶ፣ 99 በመቶ የሚል የመተማመኛ ደረጃ ከሆነ፣ ዜድ የሚወጣው ከሰንጠረዡ ነው፤ 1.96 እንዲህ ያለ ነው። የመጀመሪያው መረጃሽ የተናገረው ነው፤ ሁለተኛው አስቀድሞ የተሰመረ ድንበር። የ5 በመቶ ደረጃ ድንበር የ95 በመቶው 1.96 ነው፤ −1.54 በ−1.96 እና በ1.96 መካከል ስለሆነ ድንበሩን አላለፈም፤ ስለዚህ 0.70 የሚለውን ውድቅ ለማድረግ በቂ ማስረጃ የለሽም። «0.70 መሆኑ ተረጋገጠ» ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። በዚያው ናሙና 0.68ም ቢፈተን አይወድቅም።

ድንበሩም ራሱ ይለዋወጣል። ለ90 በመቶ ኮንፊደንስ 1.645 ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ 0.9495 እና 0.9505 መካከል ስለሚወድቅ ነው 1.64ም 1.65ም ያልሆነው። ለ99 በመቶ 2.576። «ያንሳል» ወይም «ይበልጣል» ተብሎ በአንድ ወገን ብቻ በሚፈተን ጥያቄ 5 በመቶው 1.645 ላይ ይሄዳል። «በስተግራው 90 በመቶ ያለበትን ዜድ ፈልጉ» ከተባለ ደግሞ 1.28 ነው፤ ይህኛው ከ90 በመቶ ኮንፊደንስ ጋር ስለሚመሳሰል ጎበዝ ተማሪም ይሳሳትበታል።

«ለካሸር ምን ይሠራላታል?» ላልሽው ደግሞ ከመሥሪያ ቦታሽ አልወጣም። የኬክ ቤቱ ባለቤት «ከአሥር ደንበኛ ስድስቱ ማኪያቶ ነው የሚያዘው» ብለው ወተት በዚያ ሒሳብ ያዝዛሉ እንበል። አንቺ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ነሽ፤ 150 ደንበኞች ያዘዙትን መዘገብሽ፤ 78ቱ ማኪያቶ አዘዙ። ድርሻው 0.52 ነው። ታች የሚገባው √(0.60 × 0.40 ÷ 150) ልክ 0.04 ይወጣል። −0.08 ለ0.04 ሲካፈል ዜድ −2 ነው። ከ−1.96 አልፏል፤ በ5 በመቶ ደረጃ የባለቤቱ ግምት ይወድቃል። በ1 በመቶ ደረጃ ግን 2.576 ስላልደረሰ አይወድቅም። ወተት ተርፎ እየተደፋ ከሆነ ይህ ቁጥር ባለቤቱ ፊት ሊቀርብ የሚገባው ነው፤ ማቅረብ የምትችይውም አንቺ ነሽ።

በዚሁ መረጃ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ድርሻ ይገኝበታል ተብሎ የሚታመንበትን ክልል) ብትሠሪ ታች የሚገባው ይቀየራል። አሁን የምትፈትኚው የሌላ ሰው አባባል የለም፤ ስለዚህ በ0.60 ፈንታ የራስሽን 0.52 ታስገቢያለሽ፦ √(0.52 × 0.48 ÷ 150) = 0.040792። ይህን በ1.96 ስታባዢው 0.07995፤ ኢንተርቫሉ ከ0.44005 እስከ 0.59995 ነው። 0.60 ለጥቂት ከውጭ ቀረ። 0.040792ን መሃል ላይ 0.041 ብለሽ አጠጋግተሽ ቢሆን ኖሮ የላይኛው ጫፍ 0.6004 ይሆንና 0.60 ውስጥ ይገባ ነበር፤ መደምደሚያው ተገለበጠ ማለት ነው! እባክሽ እስከ መጨረሻው ድረስ አታጠጋጊ።

መዝግበሽ ከመጀመርሽ በፊት ግን ስለ አመዘጋገቡ አስቢበት፤ እውነተኛ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ ብትመዘግቢ ከሰዓት በኋላ ጁስ የሚያዝዙት አይገቡልሽም። አራት ጓደኛሞች አንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አንዱ «ማኪያቶ» ሲል ሌሎቹም «ለእኔም» ይላሉ፤ እነዚህ አራት የተለያዩ ምስክሮች አይደሉም፤ ቀመሩ ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንደወሰነ አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። ይህ ነገር ትልልቅ ጥናቶችንም ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ይህም ድርሻ ነው፤ አንቺ የምትማሪው ዓይነት። ነገር ግን መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎች፣ ከዚያ በየቦታው ቤተሰቦች ተመርጠው የተሠራ ስለሆነ፣ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ፣ ባለሙያዎቹ ስታንዳርድ ኤረሩን በአንቺ ቀላል ቀመር አይተዉትም፤ የናሙናውን አመራረጥ አስገብተው ያሰሉታል። ለስንት ሕፃናት ምን ያህል ምግብ እንደሚያስፈልግ የሚታሰበው እንዲህ ባሉ ቁጥሮች ነው። ትምህርቱ አይረባኝም እንዳትይ።

ናሙናሽ ትንሽ ከሆነም ዜድ አይሠራም። ይህ ዘዴ የቆመው አብርሃም ደ ሟቭር እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳየው ነገር ላይ ነው፤ የአዎና የአይ ቆጠራ ሲበዛ የኖርማል ከርቭን መልክ ይይዛል። ካልበዛ አይዝም። የሚጠበቁት አዎ ባዮችም አይ ባዮችም ቢያንስ አሥር አሥር መሆናቸውን እዪ፤ አንዳንድ መጽሐፍ አምስት ይበቃል ይላል፤ መምህርሽ የሚጠቀሙበትን ያዢ። በሚዱ ጥያቄ 140 እና 60 ስለነበሩ ችግር አልነበረም።

መምህሩን ለመጠየቅ ስለማፈርሽ ደግሞ፦ «አልገባኝም» ብለሽ አትሂጂ፤ እንዲህ ካልሻቸው መምህሩም ከየት እንደሚጀምሩ ይቸግራቸዋል። የሚድ ወረቀትሽን ይዘሽ ግቢና «መምህር፣ ከ130 ላይ 0.70 ቀንሼ ነው የሳትኩት፤ 0.65 ማድረግ ነበረብኝ፣ ትክክል ነኝ?» በያቸው። ቀጥሎ «ለፋይናል የሚታደለው ሰንጠረዥ ከግራ የሚቆጥር ነው ወይስ ከዜሮ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የክፍልሽ ልጆች ሁሉ እንደገባቸው ደግሞ በምን አወቅሽ? «ሁልጊዜ 1.96 ጻፊ» የሚል ተማሪ 1.96 ከየት እንደመጣ የገባው አይመስለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስትወጪ አንድ ሁለቱን ይዘሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡና 1.00 ላይ የተጻፈውን አብራችሁ እዩ፤ ስታስረጃቸው ለአንቺም የበለጠ ይጠራልሻል።

ይህቺን ደግሞ ዛሬ ማታ ሥሪያት። አንድ አከፋፋይ «ከማቀርበው ዕቃ እንከን ያለበት 10 በመቶ ብቻ ነው» ይላል። 400 ዕቃ ሲፈተሽ 49ኙ እንከን ተገኘባቸው። ዜድ 1.5 መምጣት አለበት። ካልመጣልሽ መልሱን ብቻ ሳይሆን የሠራሽበትን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።